የመነጽሩ ባለቤት

የያዙኝ ከለቡ መብራት ኃይል ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ወፍ ሳይ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ አንገቴ ላይ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር፣ ኪሴ ውስጥ ደብተር። ሁለት ፖሊሶች ከኋላዬ መጡና «ማንን ነው የምትሰልለው?» አሉኝ። «ጭልፊት» አልኳቸው። አንደኛው ደብተሬን ገልጦ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ፒክአፑ ላይ ጫኑኝ።

ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ያየሁትን ወፍ እሁድ ትምህርት አደርገዋለሁ፤ ዋኔ ካየሁ ስለ የዋህነት፣ ጭልፊት ካየሁ ስለ ትዕግሥት። ደብተሩ ውስጥ ያለው ይኸው ነበር። ሰዎቹ ግን የወፍ ደብተር የሚይዝ ጤነኛ ሰው አለ ብለው አላመኑም።

ጣቢያ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ናት። ሰው ከመብዛቱ የተነሣ በጎን ካልሆነ አይተኛም፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም አብሮ ይገላበጣል። የእርጥብ ካልሲና የበረኪና ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ቤተሰቤ የት እንዳለሁ ስላላወቀ ሁለት ቀን ስንቅ አልመጣልኝም። ያበሉኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የሀና ማርያም አካባቢ ገበሬ፣ በእርሻቸው ጉዳይ ተከራክረው የገቡ።

«በምን ገባህ ልጄ?»

«ወፍ ሳይ አባቴ።»

«ወፍ ምን ያደርግልሃል?»

እኔም ልማዴ ነውና እዚያው ስብከት ጀመርኩ። አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ የሰማይ አባት ግን ይመግባቸዋል አልኳቸው። ሽማግሌው ጉርሻቸውን ዋጥ አደረጉና «ከማን እርሻ?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ከማን እርሻ ነው የሚመግባቸው? እኔ ልጅነቴን ማማ ላይ ቆሜ ወንጭፍ ስወነጭፍ ነው የጨረስኩት። ያንተ ወፎች የበሉት የኔን ስንዴ ነው። በል ብላ፣ ዛሬ ደግሞ ያንተ ተራ ነው።»

አፈርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስሰብክ አንድ ቀን እንኳ ገበሬው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከቤት ስንቅ መግባት ጀመረ። ሚስቴ ያመጣችው መሰለኝ። በዚያው ቀን መርማሪው አስጠራኝ።

«መነጽሩ የማን ነው?»

መነጽሩ የወዳጄ ነው። ጀሞ ነው የሚኖረው፤ አብረን ነው የምናገለግለው። በዚያ ሰሞን ሚስቱ አራስ ነበረች። ስሙን ብጠራ ሄደው ከአራስ ቤት ጎትተው እንደሚያመጡት አላጣሁትም።

«አልናገርም» አልኩት።

«ስሙን ተናገርና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«አልናገርም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሆድ ይፍጀው። ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። በየቀኑ ይጠራኛል፣ ያንኑ ይጠይቀኛል፣ ያንኑ እመልሳለሁ። ክፍል ስመለስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ያለብሱኛል።

በዘጠነኛው ቀን መርማሪው እያዛጋ አንድ መዝገብ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። በር ላይ የሚፈረመው የስንቅ መዝገብ ነው፤ ያመጣው ሰው ስም፣ ለማን እንዳመጣ፣ ፊርማ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በኔ ስም ትይዩ ያለው የወዳጄ ስም ነው፣ በገዛ እጁ ጽሑፍ።

«ስንቅህን የሚያመጣልህ ማን መስሎህ ነው? ገና ሲመጣ መነጽሩ የኔ ነው ብሎናል።»

«ታዲያ እኔን ምን ፈለጋችሁኝ?»

«ካንተ አፍ ለመስማት።»

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ወዳጄን ሊይዙት እንኳ አልፈለጉም። የፈለጉት እኔ ወዳጄን አሳልፌ ስሰጥ ማየት ብቻ ነው። በመርማሪው አንገት ላይ ማተብ አለ፤ እሁድ እሁድ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ነው። ያን ማተብ ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይብስ ነበር።

እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እኛ እንደሆን አውቀነዋል። ተናገርና ፈርም፤ አሁን ምን ይጎዳሃል?»

እስክሪብቶውን መዝገቡ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። «ካወቃችሁት ከዚህ ቅዱት። እኔ አልጠራውም» አልኩት።

ለዚያች መልስ ሌላ አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት «ውጣ» ተባልኩ፤ ለምን እንደገባሁም ለምን እንደወጣሁም የነገረኝ የለም። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ አያለሁ፤ መነጽሩን ስላልመለሱልን በባዶ ዓይኔ። እሁድ ስለ ወፎቹ ሳስተምር ስንዴው የማን እንደነበር አብሬ እናገራለሁ። ስለ ይቅርታ ግን ሌላ ሰው ያስተምር ብያለሁ። መርማሪውን ይቅር አላልኩትም፤ ለንስሐ አባቴም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበው ወዳጄ ነው። «ስሜን ለምን ዘለልከው? አሁን ማን ይጠይቅሃል?» አለኝ።

እኔ አልጽፈውም። መጻፍ አለበት ካለ ራሱ ይጻፈው፤ እጁ እንደሁ ለምዶታል።