ላልመጣ ሰው የሸጥኩት ኮሶ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ እናዘዛለሁ። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ቅናቱን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። አሁንም የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። ልጄ ትዕግሥት ከዘመሮ ደውላ ስላስደነገጠችኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። «እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፤ ወጥ ሲሸተኝ ያስመልሰኛል» አለችኝ። «እትዬ ዘነቡ ደግሞ የያዘሽ የኮሶ ትል ነው ብለው ኮሶ ወቅጠዋል። ነገ ማለዳ ሊያጠጡኝ ነው።» እትዬ ዘነቡ የባሏ እናት ናቸው።

«የወር አበባሽስ?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቀርቷል። ግን ለእሳቸው እንዴት ብዬ ልንገራቸው? አፈርኩ» አለች።

አፈርኩ! እስቲ ተመልከቱልኝ! ባሏ ለሥራ ደብረ ብርሃን ሄዷል፣ አማቷ ኮሶ ያሰናዳሉ፣ እሷ ታፍራለች! «አትጠጪ! ኮሶ ለነፍሰ ጡር...» ስል መስመሩ ተቋረጠ። ትስማኝ አትስማኝ አላወቅኩም። ደግሜ ደጋግሜ ብደውል ያቺ የስልኳ ሴትዮ ብቻ ናት የምታናግረኝ።

ነጠላዬን አንስቼ ብድግ አልኩ። ይህንኑ ነገር ድሮ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበርና። ያኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

እኔ በመሐል ሜዳ ገበያ ኮሶ ሻጭ ነበርኩ። ሥራውን የወረስኩት ከእናቴ ነው። እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፤ የሚጠጣው ሰው ራሱ ካልመጣ አትሰጥም። ፊቱን ታያለች፤ ሴት ከሆነች ወደ ጥግ ወስዳ ትጠይቃታለች። ላልመጣ ሰው ቢለምኗትም ቢቆጧትም እንቢ ነው። እሷ ስትሞት ሕጉን እኔ አፈረስኩት። ገበያተኛው ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ የታመመውን ቤት ትቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ላልመጣም ይሆናል፣ ውሰዱለት!» እያልኩ እጮህ ነበር። ገበያዬ ደራ። የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴትዮ ከራቤል በኩል መጡ። «ለምራቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ እህል ሸተተኝ ትላለች» አሉኝ። እኔ ወልጄ የማውቅ ሴት ነኝ። ገባኝ። እዚያው ቆሜ ገባኝ! «ነፍሰ ጡር ትሆን እንዴ?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ይህን ብል ኮሶዬን ትተው እንደሚሄዱ ስለማውቅ አልጠየቅኩም። ሳታውቅ ነው እንዳትሉልኝ። አውቄ ነው የሰጠሁት። እንዲያውም «ይቺ ብርቱ ናት፣ ባንዴ ነው የምትጠራርግላት» ብዬ ጨመር አደረግኩላቸው።

ከወራት በኋላ ተመልሰው መጡ። ሊጮሁብኝ መስሎኝ ልሸሽ ነበር። እሳቸው ግን የምራታቸውን ክፋት ሊያጫውቱኝ ነው የመጡት! ልጅቷ ኮሶውን ጠጥታ ደም ፈሰሳት፤ ጽንሱ ወረደ፤ እሷ በመከራ ተረፈች። «ለካስ አርግዛ ኖሯል! ደብቃኝ የልጄን ዘር አጠፋች። ወደ አባቷ ቤት ሰደድናት» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? «የዛሬ ልጆች እኮ አይናገሩም» አልኩ። በዚህች አፌ! «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እያወቅኩ ነው የሸጥኩልዎት» ብል ልጅቷ ወደ ትዳሯ ትመለስ ነበር ይሆናል። አላልኩም። ስሟን እንኳን አልጠየቅኩም።

ኮሶ መሸጡን የተውኩትም ተጸጽቼ አይደለም። ሰዉ የጤና ጣቢያ ኪኒን ሲለምድ ገበያው ቀዘቀዘና ተውኩት። ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ተሸክሜ ነው ወደ መናኸሪያ የሮጥኩት። ሹፌሩ ሳይሞላ አልነሳም አለ። «ወንድሜ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» ስለው «እናት፣ ሁሉም የሚቸኩልበት አለው፤ ትንሽ ሰው ነው የቀረን» ይለኛል። ስንት ለምኜ ከተነሳን በኋላ ደግሞ አንዱ ተሳፋሪ፣ ላይ ያስጫንኩት በግ ገመዱ ተፈታ ብሎ አስቆመን። በግ! የልጄ ነፍስ በበግ ገመድ ስትጓተት አያችሁ? ልጄን ረገምኳት፣ እትዬ ዘነቡን ረገምኳቸው፣ በጉንም ረገምኩት። የራሴ ተራ ሲደርስ ዝም አልኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። ኮሶው በቅል ተበጥብጦ፣ ተከድኖ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ትዕግሥት አጠገቡ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ኮሶ አትጠጣም!» አልኩ፣ እንደምን ዋሉ እንኳን ሳልል።

«ምነው ዘመዴ፣ ውሻ አባሮሻል? ቁጭ በይ እንጂ» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። «ደግሞ ኮሶ ከልካይዋ አንቺ ሆንሽ? ‹ላልመጣም ይሆናል፣ ውሰዱለት!› እያልሽ ገበያውን ስታደነቁሪው አልነበር? ለኔስ ለባሌ ብዬ ስመጣ ሸጠሽልኝ የለ!»

የገዛ ጩኸቴን በእሳቸው አፍ ሰማሁት።

«አርግዛለች» አልኩ።

መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ትዕግሥትን። ትዕግሥት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አንቺ ልጅ!» ብለው ጮኹ። «ልገድልሽ ነበር እኮ! ምነው፣ ጅብ መሰልኩሽ?» ቅሉን ይዘው ወጡና ኮሶውን ከአጥሩ ኋላ ደፉት። ሲመለሱ እያለቀሱ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «እግዜር ነው የላከሽ» ብለው መረቁኝ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። «እኔን አይመርቁኝ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አሜን» አልኩ። ሌላ ምርቃት ሲጨምሩ ሌላ «አሜን» አልኩ። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ!

አንቺ የራቤል በኩል ልጅ፣ ለአንቺ ማን ሮጠልሽ? ያኔ ስልክስ መቼ ነበረ? ምናልባት ይህ ከደረሰሽ፣ አንቺ የደበቅሽው ነገር የለም። እንደ ልጄ አፍረሽ ነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ያኔም፣ ትናንትም። ማሪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ይህን የምጽፈው ዘመሮ ሆኜ ነው። ጠዋት ትዕግሥትን ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። አሁን ቆሎ ትበላለች፣ ታስመልሳለች፣ እንደገና ትበላለች። እሷም ጽንሱም ደህና ናቸው። ልጄ ተርፋለች።