ያለ ኳስ የቀትር ልምምድ

ቆቦ የተመደብኩት ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ። የተማሪዎች የእጅ ኳስ ቡድን አቋቁም ተባልኩ፤ አንድ ኳስም ተሰጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት የግራር እሾህ ወጋት። ትጠገን ብለን ወልድያ ላክናት፤ በዚያው ቀረች።

እኔ ደግሞ ግትር ነበርኩ። ልጅ ተራ ጠብቆ ቆሞ ከዋለ ሰልፍ ነው እንጂ ልምምድ አይደለም ባይ ነኝ፤ ሰልፍ እንደሆነ በደርግ ዘመን ሞልቶን ነበር። ስለዚህ ሰባቱንም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ አንቀሳቅሳለሁ። በሰዓቱ እጀምራለሁ፣ በሰዓቱ እጨርሳለሁ። የተሳሳተውን ልጅ ለብቻው እመክራለሁ እንጂ በጓደኞቹ ፊት አላሳፍረውም። ኳሷ ስትጠፋም ልምምዱን አላቆምኩም። በባዶ እጅ ወርውሩ፣ በባዶ እጅ ቅለቡ አልኳቸው። መጀመሪያ ተሳሳቁ። ወር ሳይሞላ ግን የሌለችው ኳስ የት እንዳለች ሰባቱም ያውቁ ጀመር። አንዱ አበላሽቶ ሲወረውር ሌላው ሮጦ፣ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ያነሳታል።

ከሰዓት በኋላ ሜዳውን የቀበሌው ሚሊሺያ ስለሚይዘው የምንለማመደው ቀትር ላይ ነበር። የአገሩ ሰው በዚያ ሰዓት ሜዳ አያቋርጥም፤ የጋኔን ሰዓት ነው ይላል። ሙቀቱ ከመሬቱ እየተነሳ ሲርገበገብ፣ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው እግር የሌለው ይመስላል። ከዋጃ የሚመጡ ገበያተኞች ሰባት ልጆች አየር ሲቀባበሉ ያዩና ክርስቲያኑ ያማትባል፣ ሙስሊሙ "ቢስሚላሂ" ይላል። እኔ እስቅባቸው ነበር።

መሀል ላይ የሚቆመው ረጅሙ ልጅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። አንድ አመል ነበረችበት፤ ኳስ ሲቀበል ሁለት ትንፋሽ ያህል ይዟት ይቆያል። "ቶሎ ልቀቅ!" ስል ጉሮሮዬ ደርቋል። እናቱ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ማሽላ የምትሸጥ ሴት ነች። ያኔ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ ከየገበያው ይታፈስ ነበርና ልትለምነኝ መጣች።

"ልጄን ካንተ አይለይብኝ። አደራህን፣ እሱ ብቻ ነው ያለኝ" አለችኝ።

"አይዞሽ እትዬ፣ እኔ ጋ እያለ ማንም አይነካውም" አልኳት። አምኜበት ነው የተናገርኩት።

ከዚያ ለአውራጃው የአዋቂዎች ቡድን ከቆቦ አንድ ተጫዋች ላክ ተባልኩ። ቅጹ ከአስራ ስምንት ዓመት በታች አይቀበልም። ልጁ ገና አስራ ስድስቱ ነው። አሰልጣኝ የተጫዋች ዕድሜ ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ ጨመርኩ። ቁመቱን ያየ አይጠራጠርም ብዬ አስራ ስምንት ብዬ ጻፍኩና፣ ለማኅተም ቅጹን ቀበሌ የወሰድኩትም እኔው ነኝ። ከእኔ ሠፈር አንድ ልጅ አውራጃ ሊደርስ ነው ብዬ ልቤ አብጦ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ልምምድ ላይ ሳለን፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጡ። ልጁን ያዙት። "አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ለውትድርና አልደረሰም!" ብዬ ጮህኩ። አንደኛው ከኪሱ ቅጹን አወጣና የራሴን ጽሑፍ አሳየኝ። ዋሽቼ ነው ብል ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ ስድስቱ መጥተው ልምምድ ጀመሩ። ኳሷ መሀል ስትደርስ ሁሉም ቆሙ። ሁለት ትንፋሽ ያህል ጠበቁ። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለው ልጅ እጁን ዘርግቶ ቀለበ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም። ክፍተቱን ልሙላ ብዬ ገብቼ መሀል ቆምኩ፤ ማንም አልወረወረልኝም። ከሁሉም ትንሹ በትሕትና ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ እየጋረዱት እኮ ነው" አለኝ። ወጣሁ።

የተወሰደው ልጅ እናት ይህን ሰምታ ኖሮ ቀትር ቀትር እየመጣች ሜዳው ዳር ትቀመጥ ጀመር። ኳሷ መሀል ስትደርስ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። እውነቱን ልነግራት ስንት ቀን ተነሥቼ ስንት ቀን ተመለስኩ።

ክረምቱ እንደወጣ ደብዳቤ ይዛ ትምህርት ቤት መጣች። የቀበሌው ዘበኛ "አስነብቢው" ብቻ ብሎ ሰጥቷታል። አነበብኩላት፤ የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ዕድሜው አስራ ስምንት፣ በግዳጅ ላይ ሳለ መሞቱ።

"ስንት አልክ ዕድሜውን?"

"አስራ ስምንት።"

"አይ! የኔው ገና አስራ ስድስቱ ነው፤ የወለድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ይኼስ ሞክሼው ነው!" ፊቷ በራ። ወዲያው ደግሞ ለማታውቀው ልጅ እንባዋ መጣ። "አላህ ይዘንለት። በል መልስላቸው ልጄ፣ የሱም እናት ወሬ ትጠብቅ ይሆናል።"

በማግስቱ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ እንዳለ ልምምድ አስጀመርኩ። ለልጆቹ ትንፍሽ አላልኩም። ኳሷ መሀል ስትደርስ ግን ማንም አልጠበቀም። ከግራው ልጅ ወደ ቀኙ በቀጥታ አለፈች። በድጋሚም አለፈች።

እናቱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ እኔ መጣች።

"ዛሬስ ምነው ቸኮሉ?" አለች። ቀጥላም "ደብዳቤውን መለስክላቸው?" አለችኝ።

"መለስኩ።"

"እናቱስ ምን አለች?"

"ገና አልሰማችም" አልኳት።