በማዕድን ደሴት ላይ ለቅሶ ተቀመጥን

ሚያዝያ 2013፣ ቅዳሜ ንጋት

ከሰፈራችን ከሎን ማውንቴን የተነሣነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። መኪናዋን የምትነዳው ልጄ ስንታየሁ ናት። ካዚኖ ውስጥ ካርታ ታድል ነበር፤ በወረርሽኙ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ግማሹን ሰው ጠሩ፤ እሷን አልጠሩም። አሁን አንድ ባለጀልባ ሐይቁ መሐል ወዳለች ደሴት ጎብኚ እያመላለሰ የድሮ የማዕድን ጉድጓድ ያሳያል፤ አስጎብኚ ይፈልጋል። "ዛሬ ሞክሪና ልስማሽ፤ ጀልባዋ ባዶ እንዳትሄድ ግን ሰው ይዘሽ ነይ" አላት። ሰው የተባልነው እኛ ነን፦ እኔ፣ ጓደኛዬ ታደሰና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ።

"ስንታዬ፣ ከቀጠረሽ ግብዣው ምንድን ነው?" አላት ታደሰ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ዝም ብለው ይስሙልኝ።"

"ለእኔ ዝም ማለት ኦቨርታይም ነው፤ ይከፈለኛል!"

የካዚኖዎቹን ሰፈር ዳውንታውንን ስናልፍ መብራቱ ሁሉ ቦግ ብሏል፤ ሰው ግን የለም። ለማን እንደሚያበራ እንጃ።

ረፋድ፣ ጀልባ መሳፈሪያው

ምድረ በዳው አለቀና ሐይቁ ብቅ አለ። ዙሪያውን ተራራው ነጭ መቀነት ታጥቋል፤ ውሃው ድሮ እስከዚያ ይደርስ ነበር አሉ። ዳር ላይ ያለችው ሱቅ አንድ ጠርሙስ ውሃ በአራት ዶላር ትሸጣለች። ሐይቅ አፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲወደድ ያየሁት እዚህ ነው።

ባለጀልባው ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው፣ ባርኔጣው ሰፊ፣ ማስኩ አገጩ ላይ ነው። ስንታየሁን ወደ ጎን ወስዶ አንሾካሾከላት።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"ከጉድጓዱ ስለወጣው ብርና ስለ ሙት መንፈሱ አውሪ፤ እርሳስ የሚባለውን መርዛም ማዕድን እንዳታነሺ፤ ሰው ሳንድዊች ይዞ ሊዝናና ነው የሚመጣው አለኝ።"

"የምን ሙት መንፈስ?"

"ፂማም ነው አባዬ። ባለጀልባው ራሱ ነው የፈጠረው፤ ቲሸርትም አሠርቶለታል።"

እውነትም ፂማሙ ሱቁ ውስጥ በሃያ አምስት ዶላር ተሰቅሏል።

ቀትር፣ ደሴቷ

ደሴቷ መላጣ ኮረብታ ናት። ግድቡ ሳይሠራ ደሴት አልነበረችም፤ ውሃው መጥቶ ነው የከበባት። ያለው በብረት በር የተዘጋ ጉድጓድ፣ የዛገ ጋሪና ጥቁር የድንጋይ ክምር ነው። ስንታየሁ ድምፅዋን አሳምራ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ለእኛ በአማርኛ ትደግመዋለች። ብር እንደተገኘ፣ ባለሀብቶቹ አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጡት እንደከበሩበት አወራች። ባለጀልባው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ ወደ ፂማሙ ገባች።

"የማን መንፈስ ነው?" አሉ እትዬ አስካለ።

"የአንድ ቆፋሪ ነው፣ እትዬ።"

"ምን ሆኖ ሞተ?"

ስንታየሁ ባለጀልባውን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። በሞት አይቀለድም ብለን ነው ያሳደግናት።

"ብሩ ብቻውን አይወጣም፤ ከእርሳስ ጋር ነው ያለው። ሲያቀልጡት ብሩ ለባለሀብቱ ይሄዳል፣ የእርሳሱ ጢስ ለሠራተኛው። እጃቸው እየሰለለ፣ ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ነው ያለቁት። አምስቱ ደግሞ ጣሪያው ተደርምሶባቸው እዚሁ ውስጥ ቀሩ።" ለባለጀልባውም በእንግሊዝኛ ደገመችው።

"እስካሁን?"

"እስካሁን።"

"ታዲያ ማን አለቀሰላቸው?"

"እንጃ። ስማቸውን እንኳ የጻፈው የለም።"

እትዬ አስካለ ዓምና ወንድማቸው አገር ቤት ሲሞት ለቅሶውን የተቀመጡት በስልክ ነው። ቀባሪው ስልኩ ውስጥ፣ እሳቸው ወጥ ቤት ውስጥ፤ መሐል ላይ መስመሩ ተቋረጠ። አሁን ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ብረት በሩ ሥር ቁጭ አሉ።

"ወንድሜን! በሰው አገር፣ በሰው ጉድጓድ የቀራችሁ!"

ታደሰ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀልዱም አብሮ ወለቀ። እኔም ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ደርሰን አናውቅም፤ የተጠራቀመው ሁሉ ገንፍሎ መጣ። ነፍስ ይማር አልን። ስንታየሁም አለቀሰች፤ የሷ ግን ለሥራዋ ሳይሆን አይቀርም።

ባለጀልባው አፉን ከፍቶ ቆየና ማስኩን ከአገጩ አንሥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ።

ወደ ቤት

 መሳፈሪያው ስንደርስ ባለጀልባው ስንታየሁን ወደ ሱቁ ጠራት፤ እኛ መኪናው ሥር ቆመን ጠበቅን። እርሳሱን አንሥታለችና ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

"እህስ?" አልኳት ስትመጣ።

"ቀጠረኝ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ እጀምራለሁ።"

እትዬ አስካለ እልል ማለት ጀመሩና ለቅሶ ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ዋጡት።

"እርሳሱስ?"

"ከእንግዲህ ዋናው እሱ ነው አለ። ሰው የሚያለቅስ ከሆነ ቲኬቱን እጨምራለሁ አለ።" ስንታየሁ መሬት መሬት እያየች ቀጠለች። "ደግሞ... እናንተም በየቅዳሜው ትመጡ እንደሆነ ጠይቂ ብሎኛል። በቀን ሁለቴ እንድታለቅሱ።"

"ቲፕ አለው?" አለ ታደሰ።

እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም።

"ንገሪው ልጄ፤ በእኛ ወግ ለቅሶ ሦስት ቀን ነው። ዛሬ አንዱ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ያውም በነፃ። ከዚያ ወዲያ ራሱ ይቀመጥላቸው፤ በእነሱ የሚበላው እሱ ነው።"