የአብራሪው ሁለት ዓይን

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሲመሽ ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ስለነበር፣ አቡጀዲውን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍበትን ሙጫ ከፋቂዎች ለምኖ ባመጣው የቆዳ ቁርጥራጭ ራሱ ያፈላ ነበር፤ ሙጫ ደግሞ እሳት ከበዛበት ያርራል፣ ካነሰው ይረጋል፤ ስለዚህ ያኔ የእኔ ሥራ ከራት በኋላ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ፍሙን በልክ በልኩ ወደ ድስቱ መግፋት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በራችን ላይ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ «እነአያልነህ ቤት ዛሬም የሞተ አለ» እያለ ይቀልድብን ነበር። አያልነህ አባቴ ነው። ቀልዱን አይወደውም፤ ሙጫውንም አይተውም።

ሽታውን ችለው የሚመጡት እማሆይ ጥዑም ብቻ ነበሩ። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ጎጆ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ የመነኮሱ አሮጊት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ ያኔ የሚያዩት የኩራዙን ብርሃንና በብርሃኑ ፊት የሚያልፍ ጥላ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና በጣታቸው እየዳበሱ ከማንም ቀጭን አድርገው ይፈትላሉ። እየፈተሉም ለእኔና ለታናናሾቼ ተረት ይነግሩን ነበር። ስለ ቀበሮና ስለ ጅብ ማንም ያወራል፤ እኛ ግን ሁልጊዜ የምንጠይቃቸው የብረቷን ወፍ ነበር።

በተረቱ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ማሽላው መሀል ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ከዕለታት አንድ ቀን ከጉና በኩል ክንፏ ድርብ የሆነ፣ አመድ የመሰለች የብረት ወፍ እያጓራች ትመጣለች። ልጁም ማሽላውን ልትበላ የመጣች መስሎት በወንጭፉ ድንጋይ ይወረውርባታል። ወፊቱ ትናደድና ዞራ ተመልሳ ልጁን ከነማማው ትውጠዋለች። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ጥያቄ ነበረን፤ «ሆዷ ውስጥ ምን ነበር?» እማሆይም ክሩን በጣታቸው እያከረሩ፣ «ምንም። ባዶ ነበረች። ለዚያ ነው የራባት» ይሉ ነበር። እኛም ደስ እያለን ፈርተን እንተኛለን።

አንድ ዓመት፣ ለአርበኞች በዓል የትምህርት ቤቱ ሰዎች አባቴን በጠላት ጊዜ የመጣውን አውሮፕላን በትልቁ ሠርቶ ሜዳው ላይ እንዲያቆምላቸው ለመኑት። አባቴ አውሮፕላን ከሩቅ፣ ከደመና በላይ ሲሄድ እንጂ በቅርብ አይቶ አያውቅም። ሥዕሉን ያየበት መጽሐፍም አልነበረም። ስለዚህ የሰማውን ሠራ፤ ማለትም የእማሆይን ተረት። ከሸንበቆ አጥንቷን አቆመ፤ በጠፍር ጠፈረው። የላይኛውን ክንፍ ከታችኛው ጋር በባሕር ዛፍ ቋሚ አገናኘ። አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ከዋንዛ ጠረበ። ከዚያ ሁሉንም በአቡጀዲ አልብሶ ሙጫውን ላዩ ላይ ቀባ፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ክንፏ ሥር ሁለት በሬ ከነቀንበሩ ያስቆም ነበር። ጓሯችንን ሞልታው ስለነበር እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ቦታ አጥታ ክንፉ ላይ ታሰጣ ጀመር፤ አባቴም እየተነሣ ያወርዳል።

የከበደው ቀለሙ ነበር። አባቴ የሚያውቀው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ቀብቷት መልአክ መሰለች፤ ራሱም አይቶ ሳቀ። እማሆይ «አመድማ ናት እኮ የምልህ» ስላሉት፣ የኩራዛችንን ጥላሸት ከግድግዳው እየፋቀ ከኖራና ከሙጫ ጋር አዋሐደው። ስንት ምሽት ተረት የሰማንበት ጥላሸት ወፊቱን አለበሳት። ያኔ እውነትም አስፈራችኝ።

ቀለሙ ሲደርቅ እማሆይን እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ከአፍንጫዋ ጀምረው በመዳፋቸው ዳበሷት። ክንፏን ዳበሱ፤ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ጨበጡ። አባቴ ምስጋና ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ጎን ማዘንበል ልማዱ ነበር፤ እንደዚያው ሆኖ ቆመ። እሳቸው ግን ጀርባዋን ከዳር እስከ ዳር ፈልገው ፈልገው እጃቸውን መለሱ።

«ሰውየውስ?» አሉ።

«የምን ሰውየ?» አለ አባቴ።

«የሚነዳት ነዋ።»

«እማሆይ፣ ባዶ ነበረች እያሉ አይደል እንዴ ልጆቹን ሲያስተኙ የኖሩት?»

«ልጆች ሲተኙ ሌላ ምን ልበል?»

ከዚያ ክንፉን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው እውነቱን ነገሩን። ማማው ላይ የነበረው ልጅ ተሻለ የሚባል ታናሽ ወንድማቸው ነው። እሳቸውም አብረውት ነበሩ። ወንጭፍ አልወረወረም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እሳቸው ደንግጠው ከማማው ወርደው ማሽላው ውስጥ ገቡ፤ ተሻለ ግን ውስጡ ሰው መኖሩን አየ። ሰውየው አንገቱን በጎን አውጥቶ ቁልቁል ሲያይ እሳቸውም ከማሽላው ውስጥ ሆነው አዩት። ተሻለ ትልቅ ሰው ሲያልፍ እንደተማረው ቆሞ እጅ ነሣው። አውሮፕላኑ ዞሮ ተመለሰ፤ ከማማውም ከተሻለም የተረፈ ነገር አልነበረም። ይህን ሲሉ አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ልጁን ስወደው የኖርኩት ተረት መስሎኝ ነው።

አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ጣውላ አለስልሶ፣ አቡጀዲ ለጥፎ፣ አብራሪውን ሣለውና ወፊቱ ጀርባ ላይ ቦታ አበጅቶ አቆመው። በእሱ ሙያ ሥርዓት ጻድቅ ሲሣል ፊቱን ሙሉ ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣን፣ ሄሮድስ፣ ይሁዳ ግን በጎን ይሣላሉ፣ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ቅዳሴው ሲረዝምብን ግድግዳው ላይ ባለ አንድ ዓይኖቹን እየፈለግን እንቆጥር ነበር። አብራሪው ነፍሰ ገዳይ ነውና አባቴ ሳያመነታ በጎን ሣለው።

እማሆይ መጡ፤ ጣውላውን ዳበሱ፤ ቀለም ግን በጣት አይታይም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ስንት ዓይን አደረገለት?» አሉኝ። አባቴ ሁለት መስማት እንደፈለጉ ገብቶት፣ ከኋላቸው ሆኖ ሁለት ጣቱን አነሣልኝ። ትልቅ ሰው ማስቀየም ስለማይወድ እንጂ ውሸታም ሆኖ አይደለም። እኔ ግን የእሳቸውን ፊት አይቼ፣ «አንድ» አልኩ።

«አንድ ዓይን አልነበረም» አሉ።

«እማሆይ፣ ሥርዓቱ ነው» አለ አባቴ። «ሁለት ዓይን የጻድቃን ነው። ለዚህ ለአረመኔ እንዴት ሁለት ዓይን እሰጠዋለሁ? ካህናቱስ ምን ይሉኛል?»

«የሥዕሉን ሥርዓት አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው። እንዲህ በጎን ስትሥለው ወደ ሌላ እያየ ሳያየን ያለፈ ይመስላል። አይቶናል፣ ልጄ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ነው ያየን። ልጆች መሆናችንን አይቷል፣ ተሻለ እጅ ሲነሣውም አይቷል። አይቶ ነው የተመለሰው። አንዱን ዓይን ከደበቅህለት ማረህለት ማለት ነው።»

አባቴ ሦስት ቀን ያህል ብሩሹን አልነካም፤ ሙጫም አላፈላ፣ ቤታችን እንደ ሰው ቤት መሽተት ጀመረ። ያኔ የተጨነቀው ለእንጀራው ነበር፤ ጠላትን እንደ ቅዱስ ሣለ ከተባለ ከእንግዲህ የትኛው ደብር ግድግዳውን ይሰጠዋል? በመጨረሻ ግን አንድ ማለዳ ተነሥቶ ጣውላውን ነጭ ቀባውና እንደ አዲስ ሣለው፤ ፊቱ ሙሉ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ቁልቁል ወደ ቆመ ሰው። እጁ ሌላ ዓይን መሣል አያውቅምና ዓይኖቹ የቅዱሳኖቹ ዓይኖች ነበሩ።

በዓሉ የዋለው አርብ ነው። በእኛ ከተማ በአርብ ገበያ አርብ የሚውል በዓል ደግሞ የገበያተኛው ነው፤ አህያውን እየነዳ የመጣው ሁሉ ሜዳው ላይ ወፊቱን ሊያይ ተሰበሰበ። ልጆች ግጥም አነበቡ፤ ሽማግሌዎች ፎከሩ። በዚህ መሀል እህል የጫነች አህያዋን ለሰው አስይዛ አንዲት የገጠር ሴት ቀረበች። ቀና ብላ ፊቱን አየች፤ ነጠላዋን አመሳቅላ ለበሰች፤ አማትባ፣ ተንጠራርታ የጣውላውን ጠርዝ ተሳለመች።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የፈራው ደረሰበት። ቀለም የሚፍቅበትን ቢላዋ ከኪሱ አወጣና አንዱን ዓይን ሊያጠፋ ወደ ጣውላው ሄደ። ከክንፉ ጥላ ሥር የተቀመጡት እማሆይ ሳቁን ሰምተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሴትዮዋን እንድጠራላቸው አዘዙኝ፤ ስትመጣም እጇን ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ ቅዱስ አይደለም። ወንድሜን የገደለው ነው» አሏት።

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ያፈረች መስሎኝ ነበር። ግን ዞራ ፊቱን እንደገና አየችው፤ ዓይኖቹን ደህና አድርጋ አየቻቸው።

«ታዲያ እንዲህ ሰው ሆኖ ነው?» አለች።

«ሰው ሆኖ ነዋ!» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸው ሜዳው ላይ እስኪሰማ። «ሰው ሆኖ ነው፣ የኔ ልጅ።» ይህን የሚላቸው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁ እንደኖሩ ያኔ ገባኝ። አባቴም ሰምቷል። ቢላዋውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ወፊቱ ክረምት እስኪገባ ሜዳው ላይ ቆየች። ዝናቡ ሙጫውን አሟሟው፤ አቡጀዲው ተንጠለጠለ፣ ሸንበቆውን ልጆች እየነቀሉ ፈረስ አደረጉት። ጣውላውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። አባቴን ግድግዳ የነሣው ደብር የለም፤ እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ይሁዳን ለመሣል በተነሣ ቁጥር ብሩሹን ይዞ ትንሽ ይቆም ነበር። እማሆይም ከበዓሉ በኋላ ብዙ አልቆዩም። እስከዚያው ግን ተረቱን ስንጠይቃቸው ሰውየውን ጨምረው ነገሩን እንጂ ባዶ ነበረች ብለው አያውቁም። ታናናሾቼ የፊተኛው ይሻላል ብለው ያኮርፉ ነበር።

አሁን የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው፤ ጉና ከደጄ ይታያል። አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ ልጄ ተረት ትጠይቀኛለች፤ እኔም የምነግራት ሰውየው ያለበትን ነው። በቀደም ስጨርስ የስልኳ ብርሃን ፊቷ ላይ እንዳለ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ውስጧ ሰው ነበረ እንዴ?» አለችኝ። ነበረ አልኳት። «የድሮ ስለሆነች ነው። አሁን እኮ ድሮኖቹ ሰው የለባቸውም፤ ባዷቸውን ነው የሚመጡት» አለችኝ፤ የተሳሳትኩትን ሒሳብ የምታርምልኝ ያህል በረጋ ድምፅ።

እማሆይ እኛ ተኝተን እንድናድር ብለው የፈጠሩትን ውሸት ልጄ እውነት ብላ ነገረችኝ። «ለዚያ ነው የራባት» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ኩራዝ የለም እንጂ ቤቱ እንደ ድሮው ጨለማ ነበር። አባቴ ቢኖር ኖሮ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ እስቲ አሁን፣ ዓይኑን የት ላይ ትሥለዋለህ?