የእማሆይ ዘይቱን

ጥሩዬ ልብስ እያጠበች የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ልጇ ታሞ በከረመበት ጊዜ ካለኝ እህል አካፍላት ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ፌስታል ዘይቱን ይዛ ከደጄ ቆመች። «ለልጅሽ ይሁነው፣ መልሺው» ልላት አፌን ስከፍት የበሰለው ዘይቱን ሸተተኝና እናቴ ቤት ወሰደኝ።

በልጅነቴ ቤታችን ጣና ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነበር። ደጀ ሰላም ተቀምጠው የሚለምኑ አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ እናቴ በየበዓሉ ድርሻቸውን ትልክላቸዋለች። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዘይቱን ቋጥረው መጡ። የድሃ ነገር መቀበል ግፍ መስሎኝ «እማዬ፣ እሳቸው ምን አላቸውና! መልሽላቸው!» ብዬ ጮህሁ። እማሆይ የፈቱትን ቋጠሮ መልሰው ጨበጡት፤ አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። አንዱን እዚያው ገመጠችና «እግዜር ይስጥልኝ እማሆይ፣ ማር ነው!» ስትላቸው ፊታቸው በራ።

እሳቸው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ዳኛ! የሚሰጥ ብፁዕ ነው ሲባል አልሰማሽም? ብፅዕናውን ሁሉ ለብቻችን እንውሰደው? ለእሳቸው ተራ አይደርሳቸውም?»

ብፁዕ የሚባለው ጳጳስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «እማሆይ ሊጰጵሱ ነው?» አልኋት። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

ጥሩዬ አሁንም ደጄ ላይ ቆማለች። ፌስታሉን በሁለት እጄ ተቀብዬ አንዱን ገመጥሁ።

«ኧረ እማማ፣ ሳይታጠብ!»

«ዝም በይ፣ ማር ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ፊቷ በርቶ ሳቀች። ዛሬ ተራው የእሷ ነው።