የቆርቆሮዋ አውቶቡስ ጽሑፍ

በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ሳለሁ፣ ከቆርቆሮ ትንንሽ አውቶቡስ እሠራ ነበር። ጎኗ ላይ የሚለጠፈውን «አንኮበር – ደብረ ብርሃን» የሚል ጽሑፍ ላጲስ ላይ ገልብጬ እቀርጽና ሙጫ በቀባሁት ስስ ወረቀት ላይ አትመዋለሁ። ወረቀቱን ውሃ ሳስነካው ጽሑፉ ለቅቆ ቆርቆሮው ላይ ይጣበቃል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ላጲሱን ቤቴ አገኘና «የመንግሥት ማኅተም ልታስመስል ነው!» ብሎ አሰረኝ። አትሜ ባሳየው፣ አውቶቡሷን ባሳየው፣ ያ ደንቆሮ መች ሊሰማኝ!

በሳምንቱ ከእስር ቤት አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተበላ የቀበሌው ማኅተም ተቀምጧል። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይህችን አስመስለህ ቅረጽልን» አይለኝም!

ቀረጽኩለት፤ ምን ላድርግ? ወንጀል ነው ብሎ ያሰረኝን ሥራ አሠርቶኝ፣ የመፈቻ ወረቀቴን በዚያው ማኅተም መታልኝ።