የሐጂን ሻይ ማን ይቅዳ

አብዱልባሲጥ ያቺን የወንድሙን ብጫቂ ወረቀት በደረት ኪሱ ይዞ ሃያ ሁለት ቀን ሲዞር፣ ከመጀመሪያውኑ ላለመስጠት ቆርጦ ነበር ወይስ ዛሬ ነገ ሲል ቀኑ ነጎደበት? ሚስቱ ዐዚዛ ጠይቃዋለች፤ ወንድሙም ጠይቆታል። ለሁለቱ የመለሰው የተለያየ ነው። ለራሱ ደግሞ በየቀኑ ሌላ መልስ ይሰጥ ነበር።

አብዱልባሲጥ ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ የአባቱን ሱቅ ይዞ የሚኖር ሰው ነው። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሱቁ ቅመም፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይሸጣል፤ ከወገራ የሚወርደው ገበሬም የከተማውም ሰው ያውቀዋል። ሰው ስሙን የሚያነሣው ግን በሚሸጠው ሳይሆን በሚያፈላው ሻይ ነበር። የዐስር ሶላት እንዳለቀ አባቱ ሐጂ ዐብዱረሕማንና ሁለት ሦስት እኩዮቻቸው የሱቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣሉ። እሱ ቀረፋውን ይሰብራል፣ ሄሉን ይወቅጣል፣ ቅርንፉዱን ጣል ያደርጋል፤ ስኳሩን ሳይሰስት ይጨምራል። ሐጂ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑና «የባሲጥ እጅ!» ይላሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የኖረው በዚህች ቃል ነው። ዐሥረኛ ክፍል አቋርጦ ሱቅ የገባ ጊዜም፣ በዐሥራ አንድ ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ ኡዘይር ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ በግ የታረደ ጊዜም፣ «ይሁን፣ ለአባባ ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ሐኪም ሐጂን የስኳር በሽታ አለብዎት አላቸው። አብዱልባሲጥ ያንኑ ሻይ ያለ ስኳር አፍልቶ አቀረበ። ሐጂ ቀመሱና ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«መድኃኒቱን እቤት ወስጃለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ብርጭቆውን ግን ሲያጥብ ሰበረው።

ኡዘይር በዚያን ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ፣ መንገድ ከሚሠሩ ቻይናዎች ሰፈር ውስጥ በአስተርጓሚነት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ከጃኬቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ጭብጥ የምትሞላ የቻይና ሻይ ቅጠል አወጣ። ቅመም የለበት፣ ስኳር የለበት፤ ፈልቶ በረድ ያለ ውኃ አፈሰሰባትና ለአባቱ ሰጠ። ሐጂ ፉት አሉ። ሁለተኛ ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኼስ ሸጋ ነው» አሉ። «ስኳር የለው፣ ግን ይጣፍጣል።»

አብዱልባሲጥ ሚዛኑ ጀርባ ቆሞ ያየው የዓይናቸውን መጨፈን ነው። አንድ ኪሎ ስኳር የጠየቀችውን ሴት አንድ ኪሎ ተኩል መዘነላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኡዘይር ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። በኢንተርኔት ከቻይና ሻይ ሊያዝዝ ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ከበቡት።

«ይመልከቱ አባባ፣ ቅጠሉ ሁሉ ያንድ ተክል ነው፤ የሚለየው አሠራሩ ነው። አረንጓዴው ቶሎ በእሳት ደርቆ ልምላሜውን እንደያዘ የቀረ ነው። ነጩ ለጋው ቡቃያ ነው፣ ብዙ አይነካካም። ኦሎንግ የሚሉት መንገዱን አጋምሶ የቆመ ነው። እኛ ጥቁር የምንለውን ደግሞ እነሱ ቀይ ይሉታል።»

«ይኼ ክቡ ምንድነው?» አሉ ጡረታ የወጡት ሾፌር፣ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ ተክለው።

«ፑኧር ይባላል። ጠፍጥፈው ዓመታት ያስቀምጡታል። ሲያረጅ ነው የሚወደደው።»

«ኩበት ነው በለና! ለኩበት ቻይና ድረስ ምን አስኬደህ? ከዳባት በአህያ ተጭኖ ይመጣልህ የለ!»

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። አብዱልባሲጥ አባቱ እንዲህ የሳቁበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረና አልመጣለትም።

ኡዘይር እየሳቀ ማስረዳቱን ቀጠለ። በፎቶ ብቻ አይታመንም፤ ቀድመው የገዙ ሰዎች የጻፉት ይነበባል። መቼ እንደተለቀመ ያልተጻፈበት ይታለፋል። ብዙ ከመግዛት በፊት ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ለቅምሻ ይታዘዛል። ዕቃም ሲሆን የሚይዘው መጠን ይታያል፤ ፎቶ ላይ ፍንጃሉም በራዱም እኩል ነው። እንዲህ እያለ አምስት ዓይነት ሻይ፣ አንድ የሸክላ በራድ፣ ክዳን ያለው ጆሮ የሌለው ነጭ ስኒና ስድስት ፍንጃሎች መረጠ። ክፍያውን አብሮት የሚሠራ ቻይና በራሱ ካርድ ይከፍልለታል። አድራሻው የሱቁ የፖስታ ሳጥን ሆነ፤ በአገሩ ጥቅል እቤት ድረስ የሚያመጣ የለምና።

«ጋሼ፣ ጥቅል መጥቷል የሚል ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ካገኘህ ትነግረኛለህ አይደል?»

«ቁልፉ እኔ ጋ አይደል? ምን ቸገረህ» አለ አብዱልባሲጥ፣ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ እየነካካ።

ሰኞ ሱቁን ለዐዚዛ ትቶ ወደ ማራኪ ሄደ። ከተማሪዎቹ መኖሪያ ፊት ለፊት ፍቅርተማርያም የምትባል ሴት ኢንተርኔት ቤት ነበራት።

«ከቻይና ሻይ ማዘዝ ፈልጌ ነበር» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሁሉም የበለጠውን።»

«የትኛውን ሻይ?»

ስሞቹ ከአፉ ጠፉ። «ወንድሜ ካዘዘው የሚበልጠውን» አለ።

ፍቅርተማርያም ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ገጹን ከፈተችለት። እሱ በፎቶ መረጠ፤ ዘንዶ የተሣለበት ወርቃማ ሣጥን፣ ከሥሩ ደግሞ ሰፊ የሚመስል በራድ።

«ይቺ እኮ ለአንድ ሰው አፍ የምትበቃ ናት» አለችው ቁጥሩን እያሳየችው። «ለማንኛውም፣ በምን ካርድ ነው የምትከፍል?»

«የባንክ ደብተር አለኝ።» ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ደብተር አይሠራም፣ ወንድሜ። የውጭ አገር ካርድ ያለው ሰው ያስፈልግሃል።»

ደብተሩን ወደ ቦርሳው መለሰ። በሱቅ ሕይወቱ ሁሉ ሊገዛው ፈልጎ ገንዘብ ይዞ የተመለሰበት ነገር አልነበረም። ታናሹ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ የገዛውን እሱ በእጁ ሙሉ ብር ሊገዛው አልቻለም። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ፒያሳ ድረስ ጥርሱን እንደነከሰ ነበር።

ወረቀቷ የመጣችው ከአርባ ቀን በኋላ ነው። ሳጥኑን ሲከፍት ከሁለት ደብዳቤ መሐል ወደቀች፤ «ለአቶ ኡዘይር ዐብዱረሕማን፣ ጥቅል» ትላለች። አጠፋትና ደረት ኪሱ ከተታት። ቅዳሜ እሰጠዋለሁ አለ።

ቅዳሜ ኡዘይር መጣ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምንም የለም?»

«ቻይና እኮ ጎረቤት አይደለም» አለ አብዱልባሲጥ።

ኡዘይር ረዘም አድርጎ አየው። ከዚያ «እሺ» ብሎ ወደ አባቱ ዞረ። በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች አልጠየቀም።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ኡዘይር በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ ያመጣላቸው የነበረውን ቅጠል ጨረሱ፤ ቻይናዎቹም ጋ አልቆ ነበር። ሁለት ቀን ውኃ ብቻ ጠጡ። በሦስተኛው ቀን፣ እኩዮቻቸው ሳይመጡ፣ ወደ ሱቁ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ።

«ባሲጥ፣ እስቲ ያችን የድሮዋን።»

«ስኳሩስ አባባ?»

«ለምላስ ያህል። ማን ያየናል?»

ለምላስ ያህል አደረገ። ሐጂ ፉት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያቺን ቃልም አሉ። አብዱልባሲጥ ደረቱ ሰፋ። በማግስቱ አንድ ማንኪያ ሆነ፤ በሳምንቱ ሁለት። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ራሳቸው ብርጭቆውን ይዘረጋሉ። ቅዳሜ፣ ኡዘይር ባለበት፣ ግን ውኃ ብቻ ይጠጣሉ። እሱ ሲቀዳ የሚያስበው ስለ አባቱ ደም አልነበረም። «የት አለ ያንተ አረንጓዴ፣ የት አለ ያንተ ነጭ?» ይል ነበር በልቡ፣ አምባ ጊዮርጊስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያስተረጉመው ወንድሙ።

ዐዚዛ የስኳሩን ጣሳ መጉደል አይታ ነበር።

«ምነው፣ ሐጂን በፍቅር ልትገድላቸው ነው?» አለችው።

«የጠየቁ እሳቸው ናቸው።»

«ሕፃንም ምላጭ ይጠይቃል።»

የጣሳውን ክዳን ገጠመው። ወረቀቷን ግን ልብስ በቀየረ ቁጥር ከኪስ ወደ ኪስ ያዛውራት ነበር።

ወረቀቷ በመጣች በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሐጂ ከአግዳሚው ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ንግግራቸው ተሳሰረ። አብዱልባሲጥ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባቸውና ሆስፒታል አደረሳቸው። ኡዘይር ሲመሽ ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት መኪና ወርዶ ደረሰ። ሦስት ቀን አብዱልባሲጥ ከአልጋው ጫፍ አልተነሣም፣ ጎኑንም አላሳረፈም። ኡዘይር «አንተ ሂድና ተኛ፣ እኔ ልቀመጥ» ሲለው «የኔ ቦታ ነው» ብሎ መለሰው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ነቃ አሉ። ሐኪሟ ወረቀታቸውን አገላብጣ ጠየቀቻቸው።

«ሐጂ፣ ስኳርዎ ጣሪያ ነክቷል። ምን ሲጠጡ ከርመው ነው?»

«ሻይ።»

«የት?»

ሐጂ ትልቁን ልጃቸውን አላዩትም፤ ጣሪያውን አዩ። «ሰው ቤት» አሉ።

ከዱላ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ያላጎደሉ ሰው ለሱ ሲሉ ዋሹ። አብዱልባሲጥ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ቢሻው ወረቀቷን ገልበጥ አድርጎ አያት።

«ላብ ነው ወይስ ዝናብ ነው የመታት? ኡዘይር አንተ ነህ?»

«ታላቅ ወንድሙ ነኝ።»

«ጥቅሉ የኡዘይር ነው። መታወቂያውን ይዞ ራሱ ይምጣ። ደግሞ ዛሬ ይምጣ፤ ሰኞ ወደ ላኪው ይመለሳል።»

ጥቅሉን በድብቅ አውጥቶ «አሁን ደረሰ» ሊል ነበር ሐሳቡ። ያም መንገድ ተዘጋ። ሲመለስ ኡዘይርን ከሆስፒታሉ አጥር ሥር አገኘውና ወረቀቷን ዘረጋለት።

ኡዘይር ተቀብሎ ሳያነባት አጠፋት። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ አሳየው። ከላይ ወደ ታች የተደረደረ ጽሑፍ ነው፤ ጥቅሉ ከሻጩ ቤት የወጣበት ቀን፣ አዲስ አበባ የገባበት፣ ጎንደር የደረሰበት።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ ስትገዛ ቁጥር ይሰጡሃል። ዕቃህ የረገጠውን ሁሉ ትከተለዋለህ። ጎንደር መድረሱን ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ አውቄ ነበር።»

አብዱልባሲጥ ጆሮው ጋለ። «ታዲያ ራስህ ሄደህ አትወስድም ነበር?»

«መውሰድማ እችል ነበር። ግን ቁልፉ ያንተ ነው፤ ባልፍህ ሌባ ብዬ የጮህኩብህ መሰለኝ። በእጅህ እስክትሰጠኝ ልጠብቅ አልኩ።»

«ስኳሩንስ ታውቅ ነበር?»

የኡዘይር ድምፅ ተለወጠ። «ስኳሩን ወላሂ አላወቅሁም! ውኃ የሚጠጡ መስሎኝ ነበር። ባውቅማ ታላቅነትህንም አላይልህ፣ ማጅራትህን ነበር የምይዝህ!»

ቢመታው ይሻለው ነበር። ሃያ ሁለት ቀን እያወቀ ዝም ያለ ሰው! በትምህርት በለጠው፣ በሻዩ በለጠው፤ አሁን ደግሞ በትዕግሥቱ። አብዱልባሲጥ «አጥፍቻለሁ» አለ፤ እውነቱን ነበር። ግን ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንኳ፣ ይቅር የሚለው ሰው ኡዘይር መሆኑ አንጀቱን ከነከነው።

በማግስቱ ሐጂ እቤት ገቡ። ዐስር ሶላት ካለቀ በኋላ ኡዘይር ጥቅሉን ፈታ። በራዷ እፍኝ ውስጥ ትጠፋለች፤ ፍንጃሎቹ የእንቁላል ቅርፊት ያህላሉ። አንደኛው ፍንጃል መንገድ ላይ ተሰንጥቋል። ኡዘይር ማንቆርቆሪያውን ሲያነሣ ሐጂ ከፍራሻቸው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ባሲጥ ይቅዳ» አሉ። «ዓይኔ እያየው ይቅዳ፤ ስኳር እንዳይጥልብኝ።»

ዐዚዛ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አብዱልባሲጥ ተቀመጠ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሻይ ያፈላ ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ ከታናሹ ተማረ።

«አረንጓዴው ላይ የፈላውን አታፍስበት ጋሼ፣ ያቃጥለዋል። ትንሽ ይረፍ። አሁን አፍስ። አትቀቅለው፣ በቃ፣ ቅዳው።»

ጆሮ የሌለው ስኒ ጣቱን ለበለበው፤ አልለቀቀውም። ለአባቱ ቀዳ፣ ለወንድሙ ቀዳ፣ የተሰነጠቀውን ለራሱ አደረገ። ሐጂ ፉት አሉ። ሁለቱም ልጆች፣ ትልቁም ትንሹም፣ ዓይናቸውን በአባታቸው ዓይን ላይ ተከሉ። ሐጂ አልጨፈኑም፤ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሻይ ነው የምጠጣው ወይስ ምርመራ ላይ ነኝ?» አሉ። ከዚያ ባዶውን ፍንጃል መልሰው ለአብዱልባሲጥ ዘረጉ።

ደግሞ ቀዳላቸው። ጠጡት። ሦስተኛም ዘረጉ። ከዚያ በኋላ ኡዘይር ስለ ኦሎንጉ አንድ ነገር ጀመረና አባትና ልጅ ወሬ ያዙ። አብዱልባሲጥ ግድግዳውን ተደግፎ የትኛው ላይ ይበልጥ እንደሚስቁ፣ የማንን ስም ቀድመው እንደሚጠሩ እያዳመጠ ነበር። አራት ቀን ያልተከደነው ዓይኑ ግን ቀድሞት ከበደ። ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ሳይለቅ እንቅልፍ የወሰደው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።